ዕድሜዋ የገፋ ዶሮ ላባዋ ሲረግፍ፤ ምክንያቱና መድኃኒቱ

ለገበሬዎችና ለልማት ሠራተኞች የተዘጋጀ ትምህርት

ሁለትና ሦስት ዓመት እንቁላል ስትጥል የኖረች ዶሮ አንድ ቀን አንገቷ ተመልጦ፣ ጀርባዋ ተራቁቶ፣ ጭራዋ ወድቆ ስትታይ ባለቤቷ ይደነግጣል። አንዱ «ፈንግል ገባ» ብሎ ዶሮዎቹን ሁሉ በርካሽ ይሸጣል። ሌላው «አርጅታለች» ብሎ ያርዳታል። ሦስተኛውም ለጎተራ ነቀዝ የገዛውን መርዝ አምጥቶ ይነሰንስባታል። ሦስቱም ሥራ ብዙ ጊዜ ባለቤቱን ይጎዳል።

የላባ መርገፍ ምልክት እንጂ ራሱን የቻለ በሽታ አይደለም። ስለዚህ አስቀድሞ ምክንያቱን መመርመር ይገባል። እንዲያውም ከመንጋው መካከል በጣም የተራቆተችው ዶሮ ብዙ ጊዜ ከሁሉ የበለጠች እንቁላል ጣይ ሆና ትገኛለች። ይህ እንዴት እንደሚሆንና በምን እንደሚታወቅ ቀጥሎ እናስረዳለን።

1. ላባ ከምን ይሠራል?

ላባ ለዶሮ ልብሷ ነው። በደጋ ብርድ ሙቀቷን ይጠብቅላታል፤ ቆዳዋን ከፀሐይ፣ ከዝናብና ከእሾህ ይከላከልላታል። ላባ ከ100 እጅ ከ85 እጅ በላይ የሚሆነው ፕሮቲን፣ ማለት ገንቢ ምግብ ነው። እንቁላልም ብዙ ፕሮቲን ይፈልጋል። አንዲት ዶሮ በአንድ ጊዜ አዲስ ላባም ልታወጣ፣ እንቁላልም አብዝታ ልትጥል አትችልም። ስለዚህ ላባዋን በምትለውጥበት ወራት እንቁላል መጣሏን ብታቆም ሊያስደንቅ አይገባም።

2. ተፈጥሮአዊ የላባ ለውጥ

ያረጀ ላባ ይሰባበራል፣ ብርድም መከላከል ያቅተዋል። ስለዚህ ዶሮ በየዓመቱ ገደማ አሮጌውን ጥላ አዲስ ታወጣለች። የመጀመሪያው ዓመታዊ ለውጥ ብዙውን ጊዜ ዶሮዋ ከ15 እስከ 18 ወር ሲሆናት ይመጣል።

ለውጡ ሥርዓት አለው። ከራስና ከአንገት ይጀምራል፤ ከዚያ ወደ ደረት፣ ወደ ጀርባና ወደ ሆድ ይወርዳል፤ በመጨረሻ ክንፍና ጭራ ይከተላሉ። በግራና በቀኝ የሚረግፈው በእኩል ነው። ቆዳዋ ንጹሕ ነው፤ ቁስልና ቅርፊት የለበትም። ጥቂት ቀን ሲቆይ አዲሱ ላባ እንደ ቀጭን ቡቃያ ብቅ ይላል። ይህን ያየ ሰው ሊደሰት ይገባዋል፤ ዶሮዋ ራሷን እያደሰች ነውና። በዚህ ጊዜ በራሷ ላይ ያለው ቀይ ጉትያ ሊደበዝዝና ሊያንስ ይችላል። ለውጡ ሲያልቅ ወደ ቀድሞው ቅላቱ ይመለሳል።

ሌሊቱና ቀኑ በወራት እጅግ በሚበላለጥባቸው አገሮች፣ ቀኑ ማጠር ሲጀምር ዶሮዎች በአንድነት ላባቸውን ይለውጣሉ። በእኛ አገር ግን የቀኑ ርዝመት ብዙ አይለዋወጥም። በአዲስ አበባ የዓመቱ ረጅሙ ቀን ከአጭሩ የሚበልጠው በአንድ ሰዓት ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ የእኛ ዶሮዎች ሁሉ ባንድ ወር ላይለውጡ ይችላሉ፤ አንዷ ስትራቆት ጎረቤቷ ሙሉ ላባ ለብሳ ትታያለች። እንቁላል ታቅፋ የተነሣች፣ ምግብ ወይም ውኃ ያጠራት፣ ወይም ከቦታ ወደ ቦታ የተጓዘች ዶሮ ከሌሎቹ ቀድማ ላባዋን ልትጥል ትችላለች።

3. ጎበዟን ዶሮ በክንፏ ማወቅ

ዶሮዋን በእጃችሁ ይዛችሁ ክንፏን ዘርጉ። በክንፉ መካከል አንዲት አጭር ላባ ትገኛለች። ከእርሷ ወደ ክንፉ ጫፍ ያሉት ትላልቅ ላባዎች አብዛኛውን ጊዜ 10 ናቸው። ለውጡ ከአጭሯ ላባ አጠገብ ጀምሮ ወደ ጫፍ ይሄዳል። አንድ ላባ ከወደቀ በኋላ በእርሱ ፈንታ አዲሱ እስኪያድግ 6 ሳምንት ያህል ይፈጃል።

ደካማ እንቁላል ጣይ ዶሮ በየ2 ሳምንቱ አንድ ላባ ትጥላለች። የመጨረሻው ላባ የሚወድቀው በ18ኛው ሳምንት ስለሆነ፣ እርሱ እስኪያድግ ለውጡ ሁሉ 24 ሳምንት ይፈጃል። ጎበዝ እንቁላል ጣይ ግን ሦስት ወይም አራቱን በአንድ ጊዜ ትጥላለች። በዚህ ዓይነት በ2 ሳምንት ልዩነት ሦስት ጊዜ ብትጥል፣ 10ሩም በ10 ሳምንት ያድጋሉ። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት 14 ሳምንት ነው፤ ይህም እንቁላል ሊጣልበት የሚችል ጊዜ ነው።

እንግዲህ ነገሩ እንዲህ ነው። ላባዋን ቀስ በቀስ የምትጥለው ደካማ ዶሮ መልኳ ብዙ ስለማይበላሽ ደኅና ትመስላለች። ጎበዟ ግን ዘግይታ ጀምራ ባንድ ጊዜ ስለምትራቆት የታመመች ትመስላለች። በመልኳ ብቻ የሚፈርድ ባለቤት ደካማዋን አስቀርቶ ጎበዟን ይሸጣል። ነገር ግን ከመፍረዳችሁ በፊት ዶሮዋ በቂ ምግብ ታገኝ እንደ ነበረ አስቡ። የተራበች ዶሮ ጎበዝ ብትሆንም ያለ ጊዜዋ ላባዋን ልትጥል ትችላለች።

4. የት ቦታ ረገፈ?

ከተፈጥሮአዊው ለውጥ ሌላ ላባ የሚያራግፉ ምክንያቶች አሉ። አብዛኞቹ በሚረግፍበት ቦታ ይታወቃሉ።

ሀ. ከፊንጢጣ ዙሪያና ከክንፍ ሥር፤ ቅማል። ላባውን በጣት ገለጥ ገለጥ አድርጋችሁ ቶሎ ተመልከቱ። ገለባ የመሰለ መልክ ያላቸው ፈጣን ተባዮች ወደ ጨለማው ሲሮጡ ታያላችሁ። እንቁላሎቻቸው በላባው ሥር ላይ እንደ ነጭ ጓል ተጣብቀው ይገኛሉ። የዶሮ ቅማል ዕድሜውን ሁሉ የሚያሳልፈው በዶሮዋ ላይ ነው። አፏ የተጎዳና ያረጀች ዶሮ ላባዋን በአፏ ማበጠር ስለሚያቅታት ቅማል በቀላሉ ይበዛባታል።

መድኃኒቱ ደረቅ የአቧራ መታጠቢያ ነው። ርዝመቱም ወርዱም 60 ሳንቲ ሜትር፣ ጥልቀቱ 30 ሳንቲ ሜትር የሆነ ሣጥን ወይም ጉድጓድ ዝናብ በማይደርስበት ቦታ አዘጋጁ። በደቃቅ ደረቅ አፈር ወይም አሸዋና በተነፋ የእንጨት አመድ ሙሉት። የድኝ ዱቄት ቢገኝ ለ10 እጅ አፈርና አመድ 1 እጅ ጨምሩ። አመዱ የረጠበ እንደ ሆነ ቆዳ ስለሚያቃጥል ደረቅ መሆኑን ጠብቁ። ዶሮዋ ደክማ መንከባለል ካቃታት በእጃችሁ ከላባዋ ሥር ነስንሱላት፤ ዓይኗንና አፍንጫዋን ግን ሸፍኑ። ዱቄቱ የቅማሉን እንቁላል ስለማይገድል ሥራውን ከ7 እስከ 10 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ መድገም የግድ ነው። አንድ ጊዜ ብቻ አድርጎ የተወ ሰው በሦስተኛው ሳምንት ቅማሉን እንደ ገና ያገኘዋል።

ለ. ላባዋ ሻክሮ፣ ጉትያዋ ነጥቶ፣ ሌሊት በቆጥ ላይ አላርፍ ካለች፤ ቀይ ተባይ። ይህች በዓይን በጭንቅ የምትታይ ተባይ ቀን በቆጥና በግድግዳ ስንጥቅ ትደበቃለች፤ ሌሊት ወጥታ ደም ትመጣለች። ስለዚህ ዶሮዋን ቀን ብትመረምሩ ላታገኟት ትችላላችሁ። ከመሸ ከሁለት ወይም ከሦስት ሰዓት በኋላ መብራት ይዛችሁ ቆጡን ከሥሩ ተመልከቱ፤ ነጭ ጨርቅም አሻሹበት። ጨርቁ ላይ የደም ነጠብጣብ ከታየ ተባይዋ አለች። ደም የሚመጥ የዶሮ መዥገርም እንዲሁ በስንጥቅ ይደበቃል።

እዚህ ላይ የሚታከመው ከዶሮዋ ይልቅ ቤቷ ነው። የቆየውን ጉዝጓዝና የመጣያ ገለባ አውጥታችሁ አቃጥሉ። ቆጡን አንሥታችሁ የፈላ ውኃ አፍሱበት። ስንጥቁን በጭቃ ድፈኑ፤ ግድግዳውን በኖራ ቀቡ። አዲስ ቆጥ ስታበጁ ልጡ የተላጠ ለስላሳ እንጨት ምረጡ፤ ተባይዋ የምትሸሸገው በልጡ ሥር ነውና። ተባይዋ በሚመቻት ጊዜ ከ7 እስከ 10 ቀን ባለው ውስጥ ስለምትራባ ጽዳቱን በየሳምንቱ ሦስት ጊዜ ደጋግሙ። ያለ ምግብ ብዙ ወራት መቆየት ስለምትችል ባዶ የነበረ ቤትም ሳይጸዳ ዶሮ አታስገቡበት።

ሐ. ከጀርባና ከራስ ኋላ ብቻ፤ አውራ ዶሮ። አውራው ሲሰርራት በጥፍሩ ጀርባዋን ይይዛል፤ በአፉም የራሷን ላባ ይነጫል። ያረጀችና የለመደች ዶሮ ስለማትሸሽ እርሷን ያዘወትራል። ለ8 ወይም ለ10 ዶሮዎች አንድ አውራ ይበቃል፤ ትርፉን ማረድ ወይም መሸጥ ይሻላል። የአውራውን ሹል ጥፍር ጫፍ ሞርዱለት። የተራቆተችውን ላባዋ እስኪመለስ ለይታችሁ አኑሯት።

መ. ከጭራ ሥር፣ ላባው ተሰብሮ ወይም ቆዳው ደምቶ፤ መነቃቆር። ዶሮዎች እርስ በርሳቸው የሚነቃቆሩት ቦታ ሲጠባቸው፣ ፕሮቲንና ጨው ሲያንሳቸው፣ የሚጭሩትም ሲያጡ ነው። ደም ካዩ ደግሞ አይተዉም፤ ደካማዋን እስከ ሞት ሊነቁሯት ይችላሉ። ስለዚህ የቆሰለችውን በዚያው ሰዓት ለዩ። ቁስሏን ፈልቶ በቀዘቀዘ ጨው ባለው ውኃ እጠቡ፤ ዝንብ እንዳያርፍባትም ጠብቁ። በአንድ ካሬ ሜትር ከ4 ዶሮ አታብዙ። ጎመን በገመድ አንጠልጥሉላቸው፤ ጭድም በትኑላቸው፤ ሥራ ያገኘች ዶሮ ጓደኛዋን አትነቁርምና።

ሠ. ከደረት ብቻ፤ መታቀፍ። እናት ዶሮ ስትታቀፍ የሰውነቷ ሙቀት ለእንቁላሉ እንዲደርስ የደረቷ ላባ ይለቃል። ይህ ሕክምና አያሻውም። ነገር ግን 21 ቀን በጥቂት ምግብ ስለምትቆይ ከተነሣች በኋላ በደንብ መመገብ ይገባል።

ረ. ላባዋ ሲረግፍ የእግሯ ቅርፊት ደግሞ ከተነሣና ከወፈረ፤ ባረጁ ዶሮዎች የሚበዛ ሌላ ተባይ በእግሯ ቅርፊት ሥር ገብቷል ማለት ነው። እግሯን በሞቀ የሳሙና ውኃ አጥባችሁ አድርቁ፤ ቫዝሊን ወይም የምግብ ዘይት ቀቡ። ቅርፊቱን በኃይል አትላጡ። ቅባቱን በየጥቂት ቀኑ ለብዙ ሳምንት መድገም ያስፈልጋል።

5. ዋናው መድኃኒት ምግብ ነው

«ዶሮ ብታልም ጥሬዋን» ይባላል። ነገር ግን ጥሬ ብቻ ላባ አያወጣም። በቆሎና ማሽላ ጉልበትና ሙቀት ይሰጣሉ፤ ፕሮቲናቸው ግን ጥቂት ነው። ላባዋን ለምትለውጥ ዶሮ የሚከተለውን 10 ኪሎ ድብልቅ ማዘጋጀት ይቻላል።

የተከካ በቆሎ 5 ኪሎ
ፉርሽካ 2 ኪሎ
የኑግ ፋጉሎ 2 ኪሎ
ተቆልቶ የተፈጨ አኩሪ አተር 1 ኪሎ
ጨው 30 ግራም

ይህ ድብልቅ ከ100 እጅ 16 እጅ ያህል ፕሮቲን ይኖረዋል። ውጭ እየለቀመች ለምትውል ዶሮ ጠዋት ግማሽ እፍኝ፣ ማታ ግማሽ እፍኝ ይበቃታል። ተዘግታ ለምትውል ግን በቀን ከ100 እስከ 120 ግራም ያስፈልጋታል። ጨውን ከተባለው በላይ አትጨምሩ፤ ብዙ ጨው ዶሮ ይገድላል። የሻገተ ፋጉሎና የሻገተ እህል መርዝ ስለሚኖርበት ለዶሮም ለከብትም አትስጡ።

ድብልቁን ለማዘጋጀት አቅም የሌለው ሰው ምስጥ፣ ከፍግ ክምር ሥር የሚገኝ ትል፣ ቅጠላ ቅጠልና የባቄላ ክክ እያቀረበ ሊረዳት ይችላል። ንጹሕ ውኃ ከፊቷ አይታጣ። እንቁላል መጣል ስትጀምር ደግሞ ታጥቦ፣ ደርቆና ደቅቆ የተፈጨ የእንቁላል ቅርፊት ስጧት።

አዲሱ ላባ ገና ቡቃያ ሳለ በውስጡ ደም ይመላለሳል። ስለዚህ አትንቀሉት፤ ይደማል፣ ያማታልም። ዶሮዋን ያለ ምክንያት አትያዟት። በደጋ አገር ሌሊት ነፋስ በማይገባበት ክፍል ደረቅ ጭድ ጎዝጉዛችሁ አሳድሯት፤ ራቁቷን ያደረች ዶሮ የበላችውን ለሙቀት ስለምታጠፋው ላባዋ ይዘገያል።

6. ፈጽሞ የማይገባ ሥራ

ለጎተራ ነቀዝ፣ ለሰብል ተባይ ወይም ለትኋን የተገዛ መርዝ በዶሮ ላይ አይነስነስ። መርዙ በቆዳዋ ይገባል፤ በሥጋዋና በእንቁላሏም ለልጆቻችሁ ይደርሳል። ዲዲቲ በተለይ በስብ ውስጥ ተጠራቅሞ ይቆያል፤ ወደ እንቁላልም ያልፋል። በ1993 ዓ.ም. በስቶክሆልም በተፈረመው የዓለም ስምምነት ዲዲቲ የተፈቀደው በሽታ አስተላላፊ ነፍሳትን፣ እንደ ወባ ትንኝ ያሉትን ለመከላከል ብቻ ነው።

አመዱና ድኙ ካልበቁ ወደ እንስሳት ሐኪም ሂዱ። ለዶሮ ተብሎ የተሠራ መድኃኒት ሲሰጣችሁ መጠኑን ጠብቁ፤ ከመድኃኒቱ በኋላ እንቁላሉና ሥጋው ስንት ቀን እንደማይበላም ጠይቁ።

ፈንግልን በተመለከተ፣ ላባ መርገፍ የፈንግል ምልክት አይደለም። ፈንግል የገባ እንደ ሆነ ዶሮዎች ድንገት ይደክማሉ፤ ትንፋሽ ያጥራቸዋል፤ አረንጓዴ ያስቀምጣቸዋል፤ አንገታቸው ይጣመማል፤ በጥቂት ቀንም ብዙዎቹ ይሞታሉ። ይህ ከታየ ዶሮዎቹን ወደ ገበያ መውሰድ በሽታውን ለአገር ማደል ስለሆነ ለባለሙያ ቶሎ ንገሩ። የፈንግል ክትባት በአገራችን በቢሾፍቱ ስለሚሠራ አስቀድሞ ማስከተብ ከሁሉ ይሻላል።

7. ትቆይ ወይስ ትታረድ?

ዶሮ አብዝታ እንቁላል የምትጥለው በመጀመሪያው የመጣል ዓመቷ ነው፤ ከዚያ በኋላ በየዓመቱ ይቀንሳል። የአገራችን ዶሮ በዓመት ከ40 እስከ 60 እንቁላል ስለምትጥል፣ ከስንት እንቁላል በኋላ መመገብ ኪሳራ እንደሚሆን እያንዳንዱ ባለቤት መቁጠር አለበት።

ነገር ግን የአሮጊት ዶሮ ዋጋ በእንቁላሏ ብቻ አይለካም። ካስታቀፏት 10 እንቁላል 8 ጫጩት አስፈልፍላ ከጭልፊት ጠብቃ የምታሳድግ እናት ብዙ እንቁላል ከሚጥሉ ነገር ግን ከማይታቀፉ የፈረንጅ ዶሮዎች ጋር ብትኖር ትልቅ ጥቅም ትሰጣለች። ላባዋን ለውጣ ስትጨርስ የምትጥለው እንቁላልም ከለውጡ በፊት ከነበረው ቅርፊቱ ይጠነክራል።

የላባው መርገፍ የጀመረበትን ቀን በግድግዳ ላይ በከሰል ጻፉ። ምግቧ ተሻሽሎ፣ ተባይዋም ጠፍቶ በ3 ወር ውስጥ አዲስ ላባ ካወጣች አቆዩአት። በ4 ወርም ምንም ቡቃያ ካልታየ፣ የደረቷ አጥንትም እንደ ቢላዋ ስለት ከወጣ፣ ዕድሜ ወይም የውስጥ ሕመም ስለሆነ ሌላ ገንዘብ አታውጡ። የከሳችና የታመመች ዶሮ ሥጋ ከመብላት በፊት ባለሙያ ያማክሩ።

8. ለልማት ሠራተኛው

ይህን ትምህርት በቃል ብቻ አታስተምሩ። በአንድ ገበሬ ቤት ጎረቤቶችን፣ በተለይም ዶሮውን የሚጠብቁትን የቤት እመቤቶች ሰብስቡ። ላባዋ የረገፈ አንዲት ዶሮ አስያዙና ቦታውን አስመልክቱ፤ ክንፏን ዘርግታችሁ ላባውን አስቆጥሩ። የአቧራ መታጠቢያውን በዚያው ዕለት በአንድነት ሥሩ። በ10ኛው ቀን ተመልሳችሁ ሁለተኛውን ንስነሳ አሠሩ፤ ብዙ ሰው የሚዘነጋው ይህን ነውና። ዱቄት ስትነሰንሱ አፍንጫችሁን በጨርቅ ሸፍኑ፤ ከሥራው በኋላ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ።

የመለማመጃ ጥያቄዎች

1. ተፈጥሮአዊ የላባ ለውጥ ከየትኛው የሰውነት ክፍል ይጀምራል? ቆዳዋስ ምን ይመስላል?
2. በየ2 ሳምንቱ አንድ የክንፍ ላባ የምትጥል ዶሮ 10ሩን ለውጣ ለመጨረስ ስንት ሳምንት ይፈጅባታል? ጎበዟስ?
3. ቀይ ተባይን ለማግኘት ቆጡን በሌሊት የምንመረምረው ስለ ምን ነው?
4. የቅማል ንስነሳ ከ7 እስከ 10 ቀን ባለው ጊዜ የሚደገመው ለምንድን ነው?
5. በቤታችሁ ካሉት ዶሮዎች ላባዋ የረገፈ አለችን? ቦታውን ተመልክታችሁ ምክንያቱን ለጎረቤታችሁ አስረዱ።

ያረጀች ዶሮ ላባዋ ሲረግፍ ቢላዋና መርዝ ከማንሣት በፊት ዶሮዋን በእጅ መያዝ፣ ክንፏን መዘርጋት፣ ቆጧን በመብራት ማየት ይቅደም። የሚጠይቀው ጥቂት ደቂቃ፣ ጥቂት አመድና በቀን አንድ እፍኝ መልካም ምግብ ነው።